የመነጽሩ መቀመጫ፦ ለግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ ጠንካራውን እንዴት እንምረጥ?

በአሜሪካ በአደንና በኢላማ ተኩስ የሚሳተፉ ሰዎች ለማነጣጠሪያ መነጽር ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። የመስታወቱን ጥራት ያወዳድራሉ፤ ምስሉን ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ በምሽት ብርሃን እንዴት እንደሚያሳይ ይጠይቃሉ። መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያገናኘውን ብረት ግን ብዙዎቹ በመጨረሻው ሰዓት፣ በተረፈው ገንዘብ ይገዙታል። ከዚያ ጥይቱ ኢላማው ላይ ሲበተን በመጀመሪያ የሚወቀሰው መነጽሩ ነው፤ ቀጥሎ ጥይቱ፣ ቀጥሎ ተኳሹ። መቀመጫው የሚጠረጠረው ሁሉም ተወቅሶ ካለቀ በኋላ ነው።

ጉዳዩን በቁጥር እንየው። መነጽሩን ጨብጠው የሚይዙት ሁለት ቀለበቶች ብዙውን ጊዜ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። የኋላው ቀለበት ከቦታው በ0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በአንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ያህል፣ ቢነሣ መነጽሩ የሚያይበት መሥመር በሺህ አንድ እጅ ይዛነፋል። ይህ በ100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር፣ በ300 ሜትር ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ስህተት ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ መነጽሮች ማስተካከያቸው አንድ ጊዜ «ቀጭ» ሲል በ100 ሜትር የሚያዛውረው 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የአንድ ወረቀት ያህል ንቅናቄ የ14 «ቀጭታ» ስህተት ያመጣል ማለት ነው። አጋዘን ለሚያድን ሰው ይህ እንስሳውን ወዲያው በመግደልና አቁስሎ በማስመለጥ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ መቀመጫውን የሚፈትነው በተለየ መንገድ ነው። እንደ ድሮው ምንሽር በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮስ ጠመንጃ ሲተኮስ አንዴ ወደ ኋላ ይራገጣል፤ በዚያ ያበቃል። በግማሽ አውቶማቲኩ ግን ከዚህ ርግጫ በኋላ ጋዙ የሚገፋው ከባድ ብረት ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ መጨረሻው ላይ ይጋጫል፤ ከዚያ ሞላው መልሶ ይወረውረውና አዲሱን ጥይት አጉርሶ ወደ ፊት ይላተማል። ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲሄድ መነጽሩ በክብደቱ የተነሣ ባለበት መቅረት ስለሚፈልግ ከጠመንጃው አንጻር ወደ ፊት ይሳባል። ያ ከባድ ብረት ወደ ፊት ሲላተም ደግሞ የመሳቡ አቅጣጫ ይገለበጣል። በአንድ ተኩስ ውስጥ ወዲህና ወዲያ የሚናጥ ብሎን ቀስ በቀስ ይላላል። በዚህ ላይ ቀለሁ በኃይል የሚወረወርበት መንገድ ክፍት መሆን አለበት። መንገዱ ላይ የተጋረጠ መቀመጫ ቀለሁን መልሶ ጠመንጃው ውስጥ ሊያስቀረቅረው ይችላል።

በመሆኑም መቀመጫ ከመምረጥ በፊት መመርመር ያለበት ጠመንጃው ራሱ ነው። የማይንቀሳቀሰው ክፍሉ የቱ ነው? ያ ክፍል ለመቀመጫ የሚሆን ምን ቦታ አለው? መልሱ ከጠመንጃ ጠመንጃ ይለያያል።

ለእኛ አንባቢ ከሁሉም የሚቀርበው ክላሽ ነው። የክላሽ የላይኛው ሽፋን ከስስ ላሜራ የተሠራ ነው፤ ለጽዳት በየጊዜው ተነሥቶ ይመለሳል፣ ሲመለስም በመጠኑ ይነቃነቃል። እዚያ ላይ የተጣበቀ መነጽር ሽፋኑ በተነሣ ቁጥር ያነጣጠረበትን ቦታ ሊስት ይችላል። ሶቪየቶች ይህን ስለሚያውቁ መነጽር ለሚጫንባቸው መሣሪያዎቻቸው ከአካሉ በስተግራ ጠንካራ የብረት ሐዲድ አደረጉ። በ1963 ሥራ ላይ የዋለው ግማሽ አውቶማቲኩ ድራጉኖቭም አራት እጥፍ የሚያጎላውን መነጽሩን የሚሸከመው በዚሁ በግራ ጎኑ ነው። መቀመጫው ከኋላ ወደ ፊት ይንሸራተትና በመወርወሪያ ይቆለፋል። ክላሽ መሰል የሲቪል ጠመንጃ ያለው ሰው ከላይኛው ሽፋን ይልቅ የጎኑን ሐዲድ ቢመርጥ ያዋጣዋል።

በኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ይዘውት የነበረው ኤም 1 ጋራንድ ሌላ ዓይነት ችግር አለበት። ስምንት ጥይት የያዘው ክሊፕ የሚገባው ከላይ ነው፤ ባዶው ክሊፕም ተስፈንጥሮ የሚወጣው በዚያው ነው። መነጽር መሀሉ ላይ ከተቀመጠ ጠመንጃው መጉረስ አይችልም። በ1944 የመጡት የአልሞ ተኳሽ ዓይነቶቹ፣ ኤም 1 ሲ እና ኤም 1 ዲ፣ መነጽሩን ወደ ግራ ገፍተው ተኳሹ ጉንጩን የሚያሳርፍበት የቆዳ ትራስ ሰደፉ ላይ አሰሩለት።

በአሁኑ ዘመን በአሜሪካ የተለመደው ኤአር 15 በዚህ ረገድ የታደለ ነው። ጠፍጣፋ አናት ያለው ዓይነት ሐዲዱ ከላይኛው አካል ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተቀረጸ ስለሆነ በብሎን የሚያያዝ መካከለኛ ብረት የለም። ሐዲዱ በኒው ጀርሲው የፒካቲኒ የጦር መሣሪያ ማዕከል ስም ይጠራል፤ ልኩም በ1995 በወታደራዊ ደረጃነት ጸድቋል። እያንዳንዱ ሽንቁር 5.23 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ከአንዱ መሀል እስከ ቀጣዩ መሀል ያለው ርቀት 10.01 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይበቃል፤ የመቀመጫው አንድ እግር በአካሉ ላይ፣ ሌላው በእጅ መያዣው ላይ ማረፍ የለበትም። እጅ መያዣው ሌላ ክፍል ነው፤ ሲጫኑት ይተጣጠፋል። መነጽሩ ወደ ፊት መውጣት ካለበት እግሩ በሙሉ በአካሉ ላይ ያረፈ፣ ክንዱ ግን ወደ ፊት የተዘረጋ አንድ ወጥ መቀመጫ አለ።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ኤም 14 ነው፤ የሲቪል ወንድሙ ኤም 1 ኤ ይባላል። ኤም 14 በ1957 ለአሜሪካ ጦር የተመረጠው በብረት ማነጣጠሪያ እንዲተኮስ ታስቦ ስለነበር አናቱ ላይ ሐዲድ የለውም። ያለው በግራ ጎኑ የተቆረጠ ቦይና አንድ ጥርስ የወጣለት ቀዳዳ፣ ከኋላ ደግሞ ጥይት በክሊፕ ለማጉረስ የሚያገለግለው መምሪያ የተሰካበት ቦታ ነው። የቀድሞዎቹ የጎን መቀመጫዎች በዚያች አንዲት የጎን ብሎን ላይ ተንጠልጥለው ስለነበር ከጥቂት ተኩስ በኋላ የመላላት ስም አተረፉ። በኋላ የመጡት የክሊፑን መምሪያ አስወጥተው በቦታው ሌላ ብረት በመሰካት ሁለተኛ ማሰሪያ ጨመሩ። ከነዚህ የተሻሉት የአካሉን ግራ ጎን፣ የጎኑን ቦይና የኋላውን ስክ ሦስቱንም ይይዛሉ። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ የማይነቃነቀው እያንዳንዱ ጉልቻ ድርሻውን ስለሚሸከም ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ካልነካ ግን ጉልቻው ሁለት ነው። መቀመጫም እንዲሁ ነው። ማስታወቂያው «ባለ ሦስት ማሰሪያ» ማለቱ ብቻ አያስተማምንም፤ ሦስቱም በእርግጥ መንካታቸው መታየት አለበት።

ለምን አይነኩም ቢሉ፣ የሠራዊቱ ኤም 14 አካል በመቀጥቀጥ የተሠራ ሲሆን ገበያ ላይ ያሉት የሲቪል አካላት አብዛኞቹ በቅርጽ የፈሰሱና ከፋብሪካ ፋብሪካ መጠነኛ የልክ ልዩነት ያላቸው ናቸው። ለአንዱ ልክክ ያለ መቀመጫ ለሌላው ሊጠብብ ወይም ሊሰፋ ይችላል።

መግጠሙን ለማወቅ ጥቁር ማርከር ይበቃል። በመጀመሪያ ጠመንጃው ውስጥ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ከዚያ ከአካሉ ጋር የሚገናኘውን የመቀመጫውን ፊት በሙሉ በማርከር ያጥቁሩት፤ ቀለሙ ደርቆ ሳያበቃ ገጥመው ብሎኑን በልኩ ያጥብቁና መልሰው ይፍቱት። ብረቱ የተነካካበት ቦታ ቀለሙ ይፋቃል ወይም አካሉ ላይ አሻራ ይተዋል። አሻራው በሰፊው ከታየ ደህና ነው። በአንድ ጠርዝ ብቻ ቀጭን መሥመር ሆኖ ከቀረ ግን ብሎኑ በጠበቀ ቁጥር መቀመጫው በዚያ ጠርዝ ላይ እየዞረ መነጽሩን ወደ ጎን ያጣምመዋል። እንዲህ ያለ መቀመጫ ጥይቱን ኢላማው ላይ ለማምጣት የመነጽሩን የግራ ቀኝ ማስተካከያ ግማሽ ሊበላ ይችላል። መፍትሔው መመለስ ወይም በባለሙያ በጥንቃቄ ማስሞረድ ነው። ብሎኑን ይበልጥ ማጥበቅ ጥፋት ያመጣል፤ በአካሉ ውስጥ ያለው ጥርስ ከተበላ የሚበላሸው ጠመንጃው ነውና።

ስለ ብረቱ ዓይነት ብዙ ይባላል፤ ከመግጠሙ ጋር ሲነጻጸር ግን ሁለተኛ ጉዳይ ነው። አረብ ብረት ከባድና ጠንካራ ነው። አሉሚኒየም ቀላል ቢሆንም ዓይነቱ ይለያያል፤ 7075 የሚባለው ቅይጥ ከተለመደው 6061 ሁለት እጥፍ ለሚጠጋ ጉልበት ሳይጎብጥ ይቆማል። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው የአረብ ብረትን እጥፍ ገደማ ነው። አሥር ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መቀመጫ ላይ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ በሁለቱ ብረቶች መካከል 0.04 ሚሊ ሜትር ገደማ ልዩነት ይፈጠራል። በጥድፊያ ብዙ ጥይት ለሚተኩስ ሰው ይህ ሊታሰብበት ይገባል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጥይት ለሚተኩስ አዳኝ ግን እምብዛም አያሳስብም።

ብሎኖችን በእጅ ግምት ማጥበቅ የብዙ ችግር መነሻ ስለሆነ ባለ ልክ መፍቻ መግዛት ተገቢ ነው። የአሜሪካ አምራቾች ልኩን የሚጽፉት በኢንች ፓውንድ ነው። መቀመጫውን ከሐዲዱ ጋር ለሚያጣብቀው አግዳሚ ብሎን ብዙውን ጊዜ 65 ኢንች ፓውንድ፣ ማለትም 7.3 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ሲታዘዝ ለቀለበቶቹ ትናንሽ ብሎኖች ከ15 እስከ 18 ይበቃል። የመጨረሻው ቃል ግን የአምራቹ መመሪያ ነው። የብሎኑና የቀዳዳው ዘይት ተጠርጎ መውጣት አለበት። የሚፈታው ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ለመሠረቱ ብሎኖች ይረዳል፤ በቀለበቶቹ ላይ ግን ብዙ አምራቾች ይከለክሉታል፤ እርጥቡ ማጣበቂያ እንደ ዘይት ስለሚያንሸራትት በዚያው የመፍቻ ልክ ብሎኑ ከሚገባው በላይ ጠብቆ የመነጽሩን ቱቦ ሊጨፈልቅ ይችላል። መቀመጫው ሐዲድ ላይ ሲገባም ብሎኑ ከመጥበቁ በፊት ወደ ፊት ተገፍቶ የሽንቁሩን ግድግዳ ይደገፍ። መነጽሩ በርግጫው ጊዜ የሚሳበው ወደዚያ ስለሆነ ለመንሸራተት ቦታ አያገኝም።

ቁመትም መዘንጋት የለበትም። ኤአር 15 ሰደፉ ከአፈሙዙ ጋር ቀጥ ያለ ስለሆነ ከፍ ያለ መቀመጫ ይፈልጋል። ኤም 14 ግን ሰደፉ ዝቅ ያለ ነው፤ መነጽር ሲጫንበት ጉንጭ ማረፊያ ያጣል። ጉንጩ ያላረፈ ተኳሽ ዓይኑ በየጊዜው ቦታ ይቀይራል፤ ያኔ መቀመጫው ሳይነቃነቅ ጥይቱ ይበተናል። ሰደፉ ላይ የሚታሰር የጉንጭ ትራስ ከመቀመጫው ጋር አብሮ ይገዛ።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ በእያንዳንዱ ብሎን ራስና በአጠገቡ ባለው ብረት ላይ አንድ ቀጭን የቀለም መሥመር ያስምሩ፤ ብሎኑ ከዞረ መሥመሩ ይሰበራል። አምስት ጥይት ይተኩሱና የተሰበሰቡበትን ቦታ ይያዙ፤ ሌላ ቀን፣ በሌላ የአየር ሁኔታ፣ ያንኑ ጥይት ይድገሙ። የጥይቶቹ ስብስብ ሳይሰፋ ቦታውን ብቻ ከቀየረ መጀመሪያ የሚመረመረው መቀመጫው ነው። ስብስቡ ራሱ ከሰፋ ግን መንስኤው ብዙ ሊሆን ስለሚችል ከቀለም መሥመሮቹ ይጀምሩ። በቶሎ የሚፈታ ባለ መወርወሪያ መቀመጫ የገዛ ሰው ደግሞ አንሥቶ መልሶ በመተኮስ ይፈትነው። ማንሣት ለማያስፈልገው ሰው ተራ ብሎን ይሻላል፤ የሚላላ ክፍሉ ትንሽ ነውና።

ለመነጽር ከተያዘው ገንዘብ ላይ ጥሩ መቀመጫ፣ መፍቻና የጉንጭ ትራስ የሚገዛበት ቀድሞ ይነሣ፤ መነጽሩ በቀሪው ይገዛ። ጠመንጃው የማይነቃነቅ መያዣ ቦታ ከሌለው ወይም የተሞከረው መቀመጫ ሁሉ አልገጥም ካለ መነጽሩን መተው ይቻላል። የኤም 1 ኤ የብረት ማነጣጠሪያ ከጠመንጃዎች መካከል ከሚመሰገኑት አንዱ ነው፤ በላላ መቀመጫ ላይ ከተጫነ ውድ መነጽር ይልቅ እሱ ይታመናል።