የእጅ መሰርሰሪያ ፑንታ አመራረጥ

ለመምህራንና ለመንደር ሽማግሎች የተዘጋጀ የእጅ ሥራ ትምህርት

በአንዳንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ አሮጌ የእጅ መሰርሰሪያ ይገኛል። ይኸውም እንደ ደጋን የጎበጠ ብረት ሆኖ፤ በላዩ በእጅ ወይም በደረት የሚጫኑት ክብ ራስ፤ በመካከሉ የሚያዞሩት እጀታ፤ በታቹም ፑንታውን የሚነክስ አፍ አለው። መሣሪያው ራሱ ቶሎ አያረጅም። ገንዘብ የሚጠፋው የማይስማማውን ፑንታ በመግዛት ነው። ለዕቃ መግዣ የሚዋጣው ገንዘብ የሕዝብ ስለ ሆነ፤ የሚገዛው ሰው ከዚህ በታች ያለውን ልብ ያድርግ።

1ኛ፤ አስቀድሞ ጅራቱን ማየት። ገዢ ሁሉ የፑንታውን ጫፍ ያያል፤ ነገር ግን ምርጫ የሚጀምረው ከጅራቱ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1864 ዓ.ም. ዊልያም ባርበር የተባለ አሜሪካዊ ሁለት መንጋጋ ያለው፤ ሲጠመዘዝ የሚጠብቅ አፍ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ መሰርሰሪያዎች ይህን ሥርዓት የተከተሉ ናቸው። መንጋጋዎቹ የሚነክሱት አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደውን ጅራት ነው። ለኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ የተሠራው ክብ ጅራት ግን በእንዲህ ያለ አፍ ውስጥ ሥራው ሲከብድ ይንሸራተታል። ስለዚህ ጅራቱ ክብ የሆነውን፤ ማዕዘኑም ተበልቶ የዞረውን አትግዙ።

2ኛ፤ ቍጥሩን ማንበብ። በአሜሪካ አሠራር በጅራቱ ላይ የተቀረጸው ቍጥር የኢንች 16ኛ እጅ ነው። 4 ቢል ሩብ ኢንች፤ 8 ቢል ግማሽ ኢንች፤ 16 ቢል አንድ ሙሉ ኢንች ማለት ነው። ከ4 እስከ 16 ያለው ሙሉ ስብስብ 13 ፑንታ ይሆናል። ገንዘብ ያነሰው ትምህርት ቤት ግን 4፤ 6፤ 8ና 12 ቢኖሩት ለችንካር፤ ለወንበር እግርና ለመደርደሪያ ሥራ ይበቃዋል።

3ኛ፤ ጫፉን መመርመር። በመካከል ያለው ትንሽ ብሎን ፑንታውን ወደ እንጨቱ ይስባል። በዳርና በዳር ያሉት ሁለት ጥፍሮች የቀዳዳውን ክብ ይቀዳሉ፤ ስለቶቹ እንጨቱን ይልጣሉ፤ ጠመዝማዛውም ፍቅፋቂውን ያወጣል። የብሎኑ ጥርስ በዝገት የተበላ እንደ ሆነ አይስብም። ጥፍሮቹ አልቀው ከስለቱ እኩል የሆኑ እንደ ሆነ አፉ ይቦጫጨቃል። ፑንታውንም በለስላሳ ገበታ ላይ አንከባሉት፤ ቢንቀጠቀጥ የጎበጠ ነው። ላይ ላዩን የያዘው ቀላል ዝገት ግን ስለሚጠረግ አያስፈራም።

4ኛ፤ ከእንጨቱ ጋር ማስማማት። እንደ ወይራ ላለው ጠንካራ እንጨት የብሎኑ ጥርስ ደቃቅ ይሁን፤ በአንድ ዙር ጥቂት ብቻ ስለሚስብ እጅ አይከብደውም። እንደ ዝግባ ላለው ለስላሳ እንጨት ሰፋ ያለው ጥርስ ሥራ ያፈጥናል። ጠመዝማዛውም ሁለት ዓይነት ነው። ራስል ጄኒንግስ በ1855 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መብት የተቀበለበት ድርብ ጠመዝማዛ ጥሩና ንጹሕ ቀዳዳ ያወጣል፤ በመካከሉ ወፍራም ዘንግ ያለው ነጠላ ጠመዝማዛ ግን ይበረታል፤ ፍቅፋቂውንም ቶሎ ያወጣል። ለተማሪ እጅ ይህ ሁለተኛው ይሻላል።

5ኛ፤ የተገዛውን መጠበቅ። ብዙ መልካም ፑንታ የሚበላሸው በሥራ ሳይሆን በሞረድ ነው። ጥፍሮቹ ከውስጥ በኩል ብቻ በደቃቅ ሞረድ ይሞረዱ። ከውጭ ቢሞረዱ የሚቀዱት ክብ ከፑንታው ወገብ ያንሳል፤ ፑንታውም በቀዳዳው ውስጥ ይጣበቃል። ስለቶቹም ወደ ጅራቱ በሚያየው ፊታቸው ብቻ ይሞረዱ፤ ከበታች የተሞረደ ስለት እንጨቱን መንከስ ይተዋል። ምስማር ያለበትን አሮጌ እንጨት ሳይመረምሩ መብሳት አይገባም። ከሥራም በኋላ ፑንታውን ዘይት በነካው ጨርቅ ጠርጎ ለየብቻው ማኖር ነው፤ እርስ በርሱ ሲጋጭ ስለቱ ይሰበራልና።

ልምምድ። መምህሩ አንድ ቍራጭ ወይራና አንድ ቍራጭ ዝግባ ያቅርብ። ተማሪዎቹ በአንዱ ፑንታ ሁለቱንም ይብሱ፤ አንድ ኢንች ለመግባት ስንት ዙር እንደ ፈጀ፤ በየትኛውም እጃቸው እንደ ደከመ ይናገሩ። የብሎኑ ጫፍ በወዲያ በኩል ብቅ ሲል ያቁሙ፤ እንጨቱንም ገልብጠው ከዚያ ወገን ይጨርሱ፤ እንዲህ ሲያደርጉ እንጨቱ አይሰነጠቅም። ከዚህ በኋላ ለመግዛት የሚላከው ሰው ከተማሪዎቹ አንዱን ይዞ ቢሄድ፤ ልጁ ጅራቱን፤ ቍጥሩንና ጫፉን በተራ አይቶ የሚረባውን ከማይረባው ይለይለታል።