ድንኳን ያልተጣለለት ሐዘን፦ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣ ብቸኝነት

ዛሬ የምናወራው ላቦራቶሪ ስለማያሳየው ሕመም ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ምናልባት የምታውቁትን ሰው ታገኙበታላችሁ።

ወሎ ሰፈር በምሠራበት ክሊኒክ እንዲህ የሚል ታካሚ ብዙ ጊዜ ይመጣል፦ «ዶክተር፣ ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬ ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም።» ደም ይመረመራል፣ ኢሲጂ ይነሳል፣ ሁሉም ኖርማል ነው። ከዚያ «በቅርብ ዓመታት የደረሰብህ ከባድ ነገር አለ?» ብዬ ስጠይቅ ዝም ይላል። አንዷ ከሳዑዲ የተመለሰች ናት። ሌላው በጥቅምት 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤቱን ጥሎ የወጣ ነው። ሌላው ጓደኛው ከሞተበት የመኪና አደጋ የተረፈ ነው። (የማንም ማንነት እንዳይታወቅ ታሪኮቹን ቀላቅያቸዋለሁ።) መልሳቸው ግን ይመሳሰላል፦ «ሰው አለኝ፤ ግን ብቻዬን ነኝ።»

ብቻ መሆን እና ብቸኝነት ይለያያሉ

ብቻውን የሚኖር ሰው ሁሉ ብቸኛ አይደለም። ብቸኝነት ማለት የምንፈልገው ቅርበትና ያለን ቅርበት ሳይገጣጠም ሲቀር የሚሰማን ሕመም ነው። ስለዚህ አምስት ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥም ብቸኛ መሆን ይቻላል።

ነገሩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1ዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ፣ በዓመትም ከ871 ሺህ በላይ ሞት ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ ስኳር፣ ድብርት ሁሉም ከብቸኝነት ጋር ይገናኛሉ።

አደጋ ያለፈበት ሰው ለምን ከሰው ይርቃል?

1. የሰውነት ዘበኛ እንቅልፍ ያጣል። አእምሯችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ ሥራዋ አደጋ ሲመጣ ማስጠንቀቅ ነው። ከከባድ አደጋ በኋላ ይቺ ዘበኛ አደጋው ማለፉን አታምንም። በር ድም ሲል፣ ርችት ሲተኮስ፣ ታክሲ ሲጨናነቅ «መጣብህ!» ትላለች። ሰውየው ሠርግ፣ ማኅበር፣ ገበያ መሄድ ይተዋል። መቅረቱ ለዛሬ እፎይታ ይሰጠዋል፤ ከወራት በኋላ ግን የሚጠራው ሰው አይኖርም።

2. ስሜት ይደነዝዛል። አእምሮ ሕመሙን ለመቻል ሲል ስሜትን ያደነዝዛል። ችግሩ መጥፎውን ብቻ መርጦ አያደነዝዝም፤ ፍቅርም ደስታም አብረው ይደነዝዛሉ። እናት ልጇን አቅፋ ምንም ላይሰማት ይችላል። ይህ ክፋት ወይም ጭካኔ አይደለም፣ የሕመም ምልክት ነው።

3. እፍረትና ጸጸት። «እኔ ለምን ተረፍኩ?» «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» «ቢያውቁ ይንቁኛል»። በተለይ የተደፈረ ሰው ይህን ሸክም ለዓመታት ብቻውን ይሸከማል። ጥፋቱ ግን የአድራጊው ነው፤ የተጎጂው ሆኖ አያውቅም።

እኛ ጋ ያለው መድኃኒት፣ እና የማይደርስላቸው ሰዎች

እስቲ አስቡት፤ ሰው ሲሞትብን ምን እናደርጋለን? እድር ይጠራል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፣ ዘመድ አብሮ ያድራል። የመጣው ሁሉ «እንዴት ሆነ?» ይላል፣ ሐዘንተኛውም ደጋግሞ ይናገራል። በክርስቲያኑ ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ አለ፤ በሙስሊሙ ዱዓና ሰደቃ አለ። እንደ ሐኪም ሳየው ይህ ትልቅ ሕክምና ነው፦ ሰውየው ብቻውን አይተውም፣ ይበላል፣ ማልቀስ ይፈቀድለታል፣ ታሪኩን የሚሰማው ሰው አለ።

አስከሬን ባይኖር እንኳ ይህን እናደርጋለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነስቶ ሲከሰከስ 157 ሰዎች ሞቱ። ለቤተሰብ የሚሰጥ ሙሉ አስከሬን አልተገኘም። ከሳምንት በኋላ ግን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለ17 ኢትዮጵያውያን ባንዲራ የለበሱ ባዶ ሳጥኖች ተይዘው ሥርዓቱ ተፈጸመ፤ ሕዝቡም አብሮ አለቀሰ።

አሁን ደግሞ ሌላውን እንይ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም ሳዑዲ በጀመረችው የማስወጣት ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል፤ ከዚያም በኋላ መመለሱ አልቆመም። ከነዚህ ውስጥ የተደበደቡ፣ የታሰሩ፣ ደሞዛቸውን የተከለከሉ ነበሩ። ቤት ሲደርሱ ብዙዎቹን የጠበቃቸው ጥያቄ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» እንጂ «ምን ሆነሽ መጣሽ?» አልነበረም። ጥቅምት 2013 ዓ.ም ተጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ ስምምነት ተኩስ እንዲቆም በተደረገው ጦርነትም፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ግጭቶችም ያለፉ ሰዎች መሃላችን አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በግጭት ውስጥ ካለፈ ሕዝብ ከ5 ሰዎች 1ዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ያሳያል።

ለነዚህ ሰዎች ድንኳን አይጣልም። «ሞተ» የሚባል ሰው ስለሌለ እድር አይጠራም። «ዋናው በሕይወት መመለስሽ ነው» እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ይህ ቃል ወሬውን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ እሷ ዝም ትላለች፣ እኛም «ተሽሏታል» እንላለን። ብዙው ብቸኝነት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ጓደኛ ወይም ቤተሰብ ከሆናችሁ

• «እርሺው፣ አለፈ»፣ «ከአንቺ የባሰ ስንት አለ»፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አትበሉ።
• ይልቁንስ «ማውራት ስትፈልጊ አለሁ፤ ካልፈለግሽም ቁጭ እንላለን» በሉ።
• ዝርዝሩን እንዲናገሩ አታስገድዱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውን ሁሉንም ነገር እንዲዘረግፍ ማድረግ እንደማይጠቅም ጥናቶች አሳይተዋል። መስማት እንጂ መመርመር የእናንተ ሥራ አይደለም።
• «የሆነ ነገር ከፈለግሽ ደውዪ» ከማለት «ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ቡና ልጠጣ እመጣለሁ» ማለት ይሻላል። የታመመ ሰው መደወል ይከብደዋል።
• አንዴ እምቢ ቢሏችሁ አትቀየሙ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ጠይቁ።

ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ይሠራል። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ አያቶችን አሠልጥኖ በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ከታካሚ ጋር እንዲያወሩ አደረገ። በ2016 እ.ኤ.አ የታተመው ጥናት ከ6 ወር በኋላ የእነዚህ ታካሚዎች የድብርት ምልክት ከሌሎቹ በግልጽ ቀንሶ እንደተገኘ አሳየ። እኛ አግዳሚ ወንበሩ ባይኖረን ረከቦቱ አለን።

ነገሩ የደረሰባችሁ እናንተ ከሆናችሁ

1. አንድ ሰው ምረጡ። ለሁሉም መናገር አይጠበቅባችሁም። «ሁሉንም አልነግርህም፣ ግን ደህና አይደለሁም» ማለት ለመጀመሪያ በቂ ነው።
2. የሸሻችሁትን በትንሽ በትንሹ ሞክሩ። ሠርግ ከከበደ፣ ለሩብ ሰዓት ጎረቤት ጋ። በሚቀጥለው ትንሽ ጨምሩ።
3. በየቀኑ ተራመዱ፤ የመኝታና የመነሻ ሰዓታችሁ አይለዋወጥ።
4. አልኮልና ጫት ለጥቂት ሰዓት ያስረሳሉ፤ እንቅልፉንና ጭንቀቱን ግን ያባብሳሉ። ዳያዜፓምን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትዋጡ። ሱስ ያስይዛል፤ ቁስሉንም አያድንም።
5. ጸሎት፣ ጸበል፣ ዱዓ የሚያጽናናችሁ ከሆነ ቀጥሉ። ከሕክምና ጋር አይጣላም፤ የጀመራችሁትን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

መቼ ሐኪም ጋ እንሂድ?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መደንገጥ፣ መቃዠት፣ ከሰው መሸሽ ያጋጥማል፤ ብዙ ሰው ላይ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ነገር ግን ክስተቱ በሕልም ወይም በቁም እየተመለሰ፣ እንቅልፍ እየነሳና ከሰው እያራቀ ከ1 ወር በላይ ከቆየ ፒቲኤስዲ የምንለው ሕመም ሊሆን ስለሚችል መታየት ያስፈልጋል። ሕክምና አለው። አንዱ በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ነው። ካስፈለገም እንደ ሰርትራሊን እና ፍሉኦክሴቲን ያሉ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። መድኃኒቶቹ እስኪሠሩ ጥቂት ሳምንታት ስለሚፈጁ ተስፋ አትቁረጡ።

ወዴት? በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል፣ ቅዱስ ጳውሎስ እና ዘውዲቱ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። «አማኑኤል» የሚለውን ስም መሳደቢያ ማድረጋችን ስንቱን ሰው ቤቱ እንዳስቀረ አስቡ። የወሲብ ጥቃት የደረሰበት ሰው በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የአንድ ማዕከል አገልግሎት ማግኘት ይችላል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት ቶሎ መሄድ ይገባል።

ሞትን የሚመኝ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። «ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም፤ እንዲያውም በሩን ይከፍትለታል።

ይህን ጽሑፍ ስታነቡ አንድ ሰው ፊታችሁ ላይ ከመጣባችሁ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ደውሉለት። «እንዴት ነህ?» ብላችሁ «ደህና» ሲል ቶሎ አትዝጉት፤ ትንሽ ቆይታችሁ «የምርህን?» በሉት።