ከአንድ ትልቅ ሁለት መካከለኛ፦ ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር ተተኪ ሀርድ ዲስክ አመራረጥ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ ያረጀ ወይም የተበላሸ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሀርድ ዲስክ በምን መመዘኛ መተካት እንደሚገባው ይመረምራል። በተለመደው አሠራር ምርጫው በመጠንና በዋጋ ብቻ ይወሰናል። እነዚህ ሁለቱ ግን ስለ ዲስኩ ፍጥነትም ሆነ ስለ መረጃው ደኅንነት የሚናገሩት ጥቂት ነው። ስለዚህ ለመተኪያ የተያዘው ገንዘብ ለአንድ ትልቅ ዲስክ ከሚውል ለሁለት መካከለኛ ዲስኮች ቢከፋፈል የተሻለ መሆኑን ጽሑፉ በስሌትና በታተሙ ጥናቶች ያስረዳል።

1. መግቢያ

ኩባንያው አይቢኤም በ1956 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ሀርድ ዲስክ 50 ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላትን ነበር። ዛሬ አንድ ዲስክ በርካታ ቴራባይት ይይዛል። መሠረታዊ አሠራሩ ግን አልተለወጠም፤ ሳህኑ ይሽከረከራል፣ የማንበቢያውን ራስ የተሸከመው ክንድም ወደ ተፈለገው መስመር ይንቀሳቀሳል። ተንቀሳቃሽ አካል ያለው ነገር ሁሉ ያልቃልና የዲስክ መተካት የማይቀር ነው። በዲስኩ ላይ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የመስክ መረጃ ግን እንደ ዕቃው በገበያ አይገኝም። ስለዚህ ተተኪ ዲስክ መምረጥ ዕቃ ከመግዛት ይልቅ ስለ መረጃው የሚሰጥ ውሳኔ ነው።

2. ጥፋቱ የዲስኩ መሆኑን ማረጋገጥ

ኮምፒውተር ሲዘገይ ወይም በሥራ መካከል ሲቆም በቅድሚያ የሚጠረጠረው ሀርድ ዲስኩ ነው። ይሁን እንጂ የላላ የሳታ ኬብልና የደከመ ፓወር ሰፕላይም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ለመለየት የሚረዳው ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚይዘው፣ ስማርት የተባለው መዝገብ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ወደ መለዋወጫ ቦታ የተዛወሩና ለማንበብ ያስቸገሩ ሴክተሮች ቁጥር እያደገ ከሄደ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። እነዚህ ዜሮ ሆነው በኬብሉ በኩል የሚደርሰው የልውውጥ ስሕተት ብቻ ካደገ ግን ቀድሞ መቀየር ያለበት ኬብሉ ነው።

የጉግል ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው በ2007 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛ፣ በፍተሻ የመጀመሪያ ስሕተት የታየበት ዲስክ በ60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ስሕተት ካልታየበት 39 ጊዜ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ከተበላሹት ዲስኮች ከ56 በመቶ የሚበልጡት በአራቱ ዋነኛ የስማርት ምልክቶች አንዳችም ማስጠንቀቂያ አላሳዩም። እንግዲህ ምልክት ሲታይ መፍጠን ይገባል፤ ምልክት አለመታየቱ ግን የደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም።

ምልክቱ ከታየ በኋላ የመጀመሪያው ተግባር መጠገን ሳይሆን መገልበጥ ነው። የጥገና ፕሮግራሞች ዲስኩን ደጋግመው ስለሚያነብቡና ስለሚጽፉበት የቀረውን ዕድሜ ይጨርሱታል።

3. የፍጥነት ስሌት

በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.33 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የተፈለገው ሴክተር ከማንበቢያው ራስ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4.17 ሚሊሰከንድ መጠበቅ ግድ ነው። ክንዱ ለመንቀሳቀስ የሚወስደው 9 ሚሊሰከንድ ያህል ሲታከል አንድ የተበታተነ ንባብ 13 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ 10,000 ትናንሽና የተበታተኑ ንባቦች ቢያስፈልጉት ጠቅላላው 130 ሰከንድ ይሆናል። ተንቀሳቃሽ አካል በሌለው ኤስኤስዲ ላይ አንዱ ንባብ 0.1 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ያው ሥራ በ1 ሰከንድ ያልቃል። በተግባር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ንባቦችን ስለሚያቀናጅ ልዩነቱ ይጠባል፤ ምክንያቱ ግን ባለበት ይቆያል።

በአንጻሩ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በ7,200 ቢተካ በግማሽ ዙሩ ላይ የሚተርፈው 1.4 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙና ለዕለት ሥራ አነስተኛ ኤስኤስዲ ከትልቅና ፈጣን ሀርድ ዲስክ ይመረጣል። ሀርድ ዲስክ የሚያዋጣው ትላልቅ ፋይሎችን ተራ በተራ ለማከማቸት ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ላይ አሁን የሚሸጡት ዲስኮች ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ150 እስከ 250 ሜጋባይት ያስተላልፋሉ።

ኤስኤስዲ በመጻፍ ብዛት ያልቃል የሚለው ስጋት እውነትነት ቢኖረውም መለካት አለበት። 150 ቴራባይት እስኪጻፍበት ዋስትና በተሰጠው ኤስኤስዲ ላይ በየቀኑ 20 ጊጋባይት ቢጻፍ በዓመት 7.3 ቴራባይት ይሆናል፤ ዋስትናው የሚያልቀው ከ20 ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ኤስኤስዲ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የያዘውን መረጃ ቀስ በቀስ ሊያጣ መቻሉ ነው። ስለዚህ ለዓመታት በመሳቢያ ለሚቀመጥ ቅጂ አይመረጥም።

4. ከመጠን ጀርባ ያለው የአጻጻፍ ስልት

መጠናቸውና ዋጋቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ሀርድ ዲስኮች በአጻጻፍ ስልታቸው ሊለያዩ ይችላሉ። በነባሩ ስልት፣ በምሕጻሩ ሲኤምአር በሚባለው፣ መስመሮቹ ጎን ለጎን ተለያይተው ይጻፋሉ። ኤስኤምአር በተባለው ግን መስመሮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዝ በጠርዝ ተደራርበው ይጻፋሉ። በመካከል ያለውን ቆርቆሮ ለመቀየር በላዩ የተደረበውን ማንሣት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ በዚህ ዲስክ ላይ ጥቂት ፊደላትን ለማረም አጠገባቸው ያለውን ሰፊ ክፍል እንደገና መጻፍ ግድ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተጽፎ ለሚቀመጥ መረጃ ኤስኤምአር ይበቃል፤ በየሰዓቱ ለሚለዋወጥ የዳታቤዝ ሥራ ግን አይስማማም።

ይህ ልዩነት በማሸጊያው ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለኔትወርክ ማከማቻ ከሚሸጣቸው የሬድ ዲስኮች ከ2 እስከ 6 ቴራባይት የሚይዙ አንዳንዶቹ በኤስኤምአር የሚሠሩ መሆናቸውን አመነ። ከገዢዎች ብርቱ ተቃውሞ በኋላም በነባሩ ስልት የሚሠሩትን ሬድ ፕላስ በሚል ስም ለያቸው። ስለዚህ ገዢው የሞዴል ቁጥሩን ይዞ የአምራቹን ዝርዝር መግለጫ ማመሳከር አለበት።

5. ከማሽኑና ከአካባቢው ጋር መጣጣም

አንደኛ፣ ከመግዛት በፊት የማዘርቦርዱ ማገናኛ መታየት አለበት። በሰከንድ 3 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ የቆየ የሳታ ማገናኛ እስከ 300 ሜጋባይት ስለሚያሳልፍ ሀርድ ዲስክን አያግደውም፤ የኤስኤስዲን ፍጥነት በትላልቅ ፋይሎች ላይ ቢገድብም በተበታተኑ ንባቦች ያለውን ብልጫ አያጠፋም። ሁለተኛ፣ ኤምቢአር በተባለው በቆየው የክፍፍል ሥርዓት፣ ሴክተሩ 512 ባይት ሲሆን፣ ከ2.2 ቴራባይት በላይ ያለው ቦታ ጥቅም ላይ አይውልም። ትልቁ ዲስክ በአሮጌ ማሽን ላይ ያልተጠበቀ ችግር የሚያመጣው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። የማንበቢያው ራስ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ በመሆኑ፣ አየር ሲሳሳ ራሱ ወደ ሳህኑ ይቀርባል። ብዙ አምራቾች የሥራ ከፍታን እስከ 3,048 ሜትር ይወስናሉ። 2,355 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት አዲስ አበባ ከዚህ በታች ስትሆን፣ ከ3,200 ሜትር የሚጀምረው መንዝ ጓሳ ግን ከገደቡ በላይ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ኤስኤስዲ የተሻለ ምርጫ ነው።

6. የብልሽት ቁጥሮች ትርጉም

የዲስክ አምራቾች ብዙ ጊዜ በአማካይ 1,000,000 የአገልግሎት ሰዓት የሚል ቁጥር ይጠቅሳሉ። ይህ በዓመት 8,760 ሰዓት ሲካፈል 114 ዓመት ይሆናል፤ ነገር ግን አንዱ ዲስክ ይህን ያህል ይኖራል ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚያመለክተው በዓመት የ0.88 በመቶ የብልሽት መጠንን ነው። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቢያንካ ሽሮደርና ጋርዝ ጊብሰን በ2007 ባሳተሙት ጥናት ግን በተግባር በዓመት የሚተኩት ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ በአንዳንድ ስፍራም እስከ 13 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል።

የአንዱ ዲስክ ዓመታዊ ብልሽት 3 በመቶ ቢሆንና ሁለት ቅጂዎች ቢኖሩ፣ ሁለቱም በዚያው ዓመት የመበላሸታቸው ዕድል 0.09 በመቶ ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን አንዱ ብልሽት ሌላውን የማይከተል ከሆነ ነው። በአንድ ሣጥን ውስጥ ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ጋር የተያያዙ ሁለት ዲስኮች በመብራት መቆራረጥና መዋዠቅ፣ በቫይረስ ወይም በስርቆት አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ዲስክ ለቅጂ ሥራ ብቻ ተሰክቶ በሌላው ጊዜ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ መቀመጥ ይኖርበታል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንተና የሚያመራው ወደ አንድ ምክረ ሐሳብ ነው። ለሰነድና ለጥናት ሥራ በሚውል ዴስክቶፕ ውስጥ ለሲስተሙና ለዕለት ሥራው የሚበቃ ኤስኤስዲ ይገጠም፤ ቀሪው ገንዘብ ያንን መረጃ ሁሉ ለሚይዝና ከውጭ ለሚቀመጥ መካከለኛ ሀርድ ዲስክ ይዋል። ሁለተኛው ዲስክ ለቅጂ ብቻ ስለሚያገለግል ኤስኤምአር ቢሆንም ያገለግላል። ብዙ ቪዲዮ የሚያከማች ተጠቃሚ በበኩሉ መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሀርድ ዲስኮች ያስፈልጉታል። በግዢው ዕለት የስማርት መዝገቡን ከፍቶ ዲስኩ ከዚህ በፊት የበራበትን ሰዓት ማየት አዲስ ተብሎ ከሚሸጥ ያገለገለ ዕቃ ይጠብቃል። አሮጌው ዲስክም ቢሆን ቅጂው ተከፍቶ እስኪነበብና ትክክለኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ መጥፋት የለበትም።