ጩኸቱን ተወው፣ የሞተውን ቁጠር

ልጄ፣ መንጃ ፈቃድ በማውጣትህ እንኳን ደስ ያለህ። ‹‹የየትኛው ከተማ ሾፌር ይብሳል?›› እያላችሁ ከጓደኞችህ ጋር ስትከራከሩ እሰማለሁ። ክርክሩን አልጠላውም፤ ግን እነዚህን ነጥቦች ይዘህ ተከራከር። ዓመቶቹን በፈረንጆች ቆጥሬልሃለሁ።

1. ከተማን በክላክሱ አትፍረድ። ካይሮ ወይም መርካቶ ገብተህ ግፊያውን ስታይ ‹‹እዚህማ ሰው ያልቃል›› ትላለህ። የተጨናነቀ መንገድ ግን ስፖኪዮ ይሰብራል እንጂ እምብዛም ነፍስ አያጠፋም። ይልቅ ሰፊውን፣ ቀጥ ያለውን፣ ሲመሽ ጭር የሚለውን አስፋልት ፍራው።

2. ሟቹን ከሕዝቡ ብዛት ጋር አስላ፤ ከዚያ ማን እንደሞተ ጠይቅ። አዲስ አበባ ላይ በመኪና አደጋ ከሚሞተው አብዛኛው እግረኛ ነው። መኪና የሚገድለው መኪና የሌለውን ነው፤ ይህ ያመኛል፣ አንተንም ይመምህ። ቀለበት መንገድ ላይ መሻገሪያ ድልድዩ የራቃት እናት ልጇን አዝላ መከለያውን ስትዘል ብታይ ‹‹ሕግ የማታውቅ›› ብለህ አትሳደብ። ፍጥነትህን ቀንስላት።

3. ነገሩ ሁሉ ያለው ፍጥነት ላይ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ትሄዳለህ፤ በ30 ግን 8 ሜትር ያህል ብቻ። ልጅ ድንገት ቢገባብህ፣ ዓይንህ አይቶ እግርህ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። እንግዲህ አስበው፤ በደረቅ አስፋልት በ30 የመጣው ቆሞ በጨረሰበት ቦታ፣ በ50 የመጣው ፍሬኑን ገና መርገጡ ነው። በችሎታ አይበላለጡም፣ መኪናቸውም አንድ ዓይነት ነው። የፊንላንዷ ሄልሲንኪ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት መንገዶቿ 30ን ጣሪያ አድርጋለች። በ1980ዎቹ በዓመት 30 ያህል ሰው ይሞትባት የነበረች ከተማ፣ ከሐምሌ 2024 እስከ ሐምሌ 2025 አንድም ሰው በመኪና አደጋ አልሞተባትም። መንገዷ ላይ በረዶ የሚጋገርባት ከተማ መሆኗን አትርሳ።

4. ‹‹የእኛ ሰው አይማርም›› የሚልህን አትስማው። ስለ ኮሎምቢያዋ ቦጎታም እንዲሁ ይባል ነበር። ከንቲባዋ አንታናስ ሞኩስ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሳይናገሩ በምልክት የሚጫወቱ ተዋንያን መስቀለኛ መንገድ ላይ አቁሞ ዜብራ የሚረግጠውን ሾፌር አሳፈረው። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከተማዋ የዋና ጎዳናዎቿን ፍጥነት ከ60 ወደ 50 አወረደች።

5. ሀብት ብቻውን አያድንም። ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ እየነዱ ልጅ ያሳደጉባት ዋሽንግተን ዲሲ በ2015 ‹‹እስከ 2024 የትራፊክ ሞት ዜሮ ይሆናል›› ብላ ቃል ገባች። በ2023 ግን 52 ሰው ሞተባት።

6. ዜብራ ላይ ከፊትህ የቆመ መኪና ካለ ደርበህ አትለፍ፤ ማንን እያሳለፈ እንደሆነ አይታይህም። ተሳፋሪ ስትሆንም ዝም አትበል። ሚኒባሱ ሲበር ‹‹ወንድሜ፣ ቀስ በል›› በለው፤ ረዳቱ ቢቆጣህም ድገምለት።