የሰው ገላ ከሞት በኋላ

ቢስሚላሂ ርራሕማኒ ርራሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ ላይ ይሁን።

ምእመናን ሆይ! ነፍስ ከገላ በተለየች ጊዜ ልብ መምታቱን ይተዋል፤ ደምም መዘዋወሩ ቀርቶ ወደ ታችኛው የአካል ወገን ይወርዳል፤ ገላውም ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መንጋጋና አንገት መድረቅ ይጀምራሉ፤ 12 ሰዓት ያህል ሲያልፍ አካል ሁሉ ይገተራል፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቆይቶም ተመልሶ ይላላል። ዑለማእ የሟቹን ዓይን ክደኑ፣ አገጩን በጨርቅ እሰሩ፣ መገጣጠሚያውን ሳይደርቅ በርጋታ አላሉ ብለው ያስተማሩት ሥርዓት ከዚህ ጋር ይስማማል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ሰለማ በሞተ ጊዜ ዓይኑን በእጃቸው ከድነውለታል።

ከዚህ በኋላ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ገላውን ማፍረስ ይጀምራሉ። ሙቀትና እርጥበት ይህን ሥራ ያፋጥኑታል። እንደ ቴፒ ባለ ሞቃትና ዝናባም አገር፣ ዘመድ ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪደርስ እየተባለ ጀናዛን ማቆየት ሟቹን ማክበር አይደለም። ነቢዩ ጀናዛን አፋጥኑ ብለው አዘዋል። የዘገየ ዘመድ አይዘን፤ መስጊድ ትጠርግ የነበረች ሴት ሳይነገራቸው በተቀበረች ጊዜ፣ ነቢዩ ወደ መቃብሯ ሄደው ሰግደውላታልና።

እንግዲህ ገላው ይታጠባል፤ ይከፈናል፤ ይሰገድበታል፤ በቀኝ ጎኑም ወደ ቂብላ ዞሮ ይቀበራል። ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ ቂብላ ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። አጣቢው እጁን ያለዝብ፤ የሟችን አጥንት መስበር የሕያውን አጥንት እንደ መስበር ነው ተብሏልና።

በመቃብርም ሥጋ ወደ አፈር ይመለሳል፤ የዋንዛና የብርብራ ቅጠል ከቡናው ሥር ረግፎ አፈር እንደሚሆን። የአገራችን ቀይ አፈር አሲድነት ስላለው አጥንትንም ከጊዜ ብዛት ይበላዋል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ግን ከጀርባ አጥንት ጫፍ ያለችው ዐጅቡ ዘነብ አትጠፋም፤ ሰው በትንሣኤ ቀን ከእርሷ ተመልሶ ይገጣጠማል። በበጋ ደርቆ የቆየው ቡና የመጀመሪያው ዝናብ ባረፈበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጭ አበባ ሲለብስ ያየ ገበሬ፣ ሙታንን ማስነሣት ለአላህ ቀላል መሆኑን እንዴት ይጠራጠራል?

ነጋዴዎች ሆይ! ከሥጋ ጋር የማይፈርስ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ዕዳ ነው። ነቢዩ ጀናዛ በቀረበላቸው ጊዜ ዕዳ አለበትን? ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ያለበትንም አንዱን ሰው አቡ ቀታዳ ዕዳውን እስኪወስድለት ድረስ አልሰገዱበትም። እሸት ቡና በዱቤ የተረከበ፣ ለጀንፈል ቀብድ የተቀበለ፣ በቃል ብቻ ተማምኖ ሳይጽፍ ቢሞት፣ ገበሬው ምስክር ያጣል፤ ወራሾችም የሰው ሐቅ ሳያውቁ ይበላሉ። በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ዕዳን ጻፉ የሚል መሆኑን አስቡ። የሟች ንብረትም ተራ አለው፦ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ዕዳ፣ ከዚያ ከሲሶ የማይበልጥ ኑዛዜ፣ በመጨረሻም ውርስ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዛሬ ማታ መዝገቡን ይክፈት፤ ያለበትንና ያለውን ይጻፍ፤ ለሚስቱና ለልጆቹም ያስታውቅ። ገላችንን አፈር ይረከባል፤ የሰውን ሐቅ ግን አፈር አይረከብልንም።

አላህ ሙታናችንን ይማር፤ ቀብራቸውን ያስፋ፤ እኛንም ከዕዳ ነጻ አድርጎ ይውሰደን። አሚን።