የጨው ውኃ ልምላሜ፦ ስለ ማንግሮቭ ደን

በቀይ ባሕር ዳርቻ ስማቸው «መርሳ» ብሎ የሚጀምር ሥፍራዎች ብዙ ናቸው። መርሳ ፋጡማ በኤርትራ፣ መርሳ አላም በግብፅ ይገኛሉ። ቃሉ በዓረብኛ የጀልባ መጠጊያ ማለት ሲሆን፣ ባሕሩ ወደ የብስ ገባ ብሎ ማዕበሉ ጸጥ የሚልበት ሥፍራ ነው። የእኛይቱ መርሳ፣ የሀብሩ ወረዳ ከተማ፣ ጀልባ አይታ አታውቅም። ስሟን ከእነዚያ ጋር ያነሣሁት የዛሬው ትምህርታችን በእነዚያ መጠጊያዎች ጭቃ ላይ ስለሚበቅል ማንግሮቭ ስለሚባል ዛፍ በመሆኑ ነው። በተማሪነታችን ዘመን ቃሉን ለፈተና ስንል ሸምድደነው ነበር፤ ዛፉ ምን እንደሚመስል ግን የጠየቀም የነገረንም አልነበረም።

ዛሬ ልንጠይቅ የሚገባን ምክንያት አለ። ከወልዲያ፣ ከመርሳና ከውርጌሳ ተነሥተው በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሻገሩ ልጆቻችን የሚደርሱበት ጠረፍ ይህ ዛፍ የሚበቅልበት ጠረፍ ነው። ከኦቦክ በስተሰሜን የሚገኘው የጎዶሪያ ደን በጅቡቲ ካሉት ማንግሮቮች ዋነኛው ነው። አብዛኞቻችን ግን ይህን ስም የሰማነው በመርዶ ነው። በጥር 2011 ዓ.ም. ሁለት ጀልባዎች በዚያ አጠገብ ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከየመን ይመለሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ በዚያው ሰጥማ፣ ሕፃናት ጭምር ቢያንስ 38 ሰዎች አልቀዋል።

አንድ የሀብሩ ልጅ ይህን ደን ከሩቅ ቢያይ ምን ያስባል? በእኛ ቆላ በበጋ ወራት ሁሉ ደርቆ ሳለ፣ ሾላና ዶቅማ ለምልመው የቆሙበት መስመር ወንዝ ነው። ወንዙ ቢደርቅ እንኳ አሸዋው ሲጫር ውኃ ይወጣል፤ ይህን እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። በጎዶሪያ ግን ይህ ዕውቀት ያሳስታል። ልምላሜው እውነተኛ ነው፤ ከሥሩ ያለው ውኃ ግን ባሕር ነው። የባሕር ውኃ የጠጣ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ጨዉን ለማስወጣት ከጠጣው የበለጠ ውኃ ስለሚያጣ ጥሙ ይብስበታል እንጂ አይረካም።

ታዲያ ዛፉ በዚያ እንዴት ይኖራል? ማንግሮቭ የአንድ ዛፍ ስም ሳይሆን ባሕሩ በሚሞላበትና በሚጎድልበት መካከል መኖርን የቻሉ የልዩ ልዩ ዛፎች የጋራ መጠሪያ ነው። ከእነርሱ ሁለቱን እንመልከት። ቀዩ ማንግሮቭ፣ በሊቃውንት አጠራር ራይዞፎራ፣ ጨዉን ከደጅ ይመልሰዋል። ሥሩ እንደ ደቃቅ ወንፊት ሆኖ ውኃውን ሲያስገባ አብዛኛውን ጨው በውጭ ያስቀረዋል። ይህን ለማድረግ የሚበቃ ኃይል የሚያገኘው ፀሐይ ከቅጠሉ ውኃ ስታተን ከጫፍ እስከ ሥር ከሚፈጠረው ስበት ነው። ግራጫው ማንግሮቭ፣ አቪሴንያ የሚባለው፣ ከጨዉ ከፊሉን ያስገባና በቅጠሉ ላይ ባሉት ጥቃቅን ዕጢዎች መልሶ ያወጣዋል። በደረቅ ቀን ቅጠሉን የላሰ ሰው ጨው ይቀምሳል፤ ለመንገደኛ ከዚህ የተሻለ ማስጠንቀቂያ አላውቅም። በጎዶሪያ የሚበዛው ይኸው ግራጫው ሲሆን፣ ቀዩ ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ባለችው በሙሻ ደሴት ይገኛል።

ሁለተኛው ችግር አየር ነው። በውኃ የተሞላ ጭቃ ኦክስጅን የለውም፤ ሲነካም የገማ ዕንቁላል ይሸታል። ስለዚህ ቀዩ ማንግሮቭ ከግንዱ ወገብ ሥሮችን አውጥቶ እንደ ቀስት አጉብጦ ወደ ጭቃው ይተክላቸዋል። በሥሮቹ ቆዳ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ባሕሩ ሲጎድል አየር ይስባሉ። ግራጫው ደግሞ ከተቀበረው ሥሩ ላይ እንደ እርሳስ ቀጥ ያሉ ሥሮችን ወደ ላይ ያበቅላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የቀዩ አወላለድ ነው። ፍሬው ከእናቱ ሳይለይ እዚያው በቅርንጫፉ ላይ ይበቅላል፤ ረጅም አረንጓዴ በትር መስሎም ይንጠለጠላል። ሲወድቅ ከታች ጭቃ ካገኘ ይተከላል፤ ካላገኘ በባሕር ላይ ይንሳፈፋል፤ ለብዙ ወራት ተንከራትቶም ሳይሞት በሌላ ዳርቻ ሥር ሊሰድ ይችላል።

የረገፈውን ቅጠል ሸርጣን ይበላዋል፣ ተሐዋስያን ያበሰብሱታል። የዓሣና የሽሪምፕ ጫጩቶችም በሥሮቹ መካከል ከትልልቆቹ ተሸሽገው ያድጋሉ። አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ የተቀበረው ደግሞ ቶሎ ስለማይበሰብስ፣ የማንግሮቭ ደን በስፋቱ ልክ ሲለካ ከአብዛኞቹ የየብስ ደኖች የበለጠ ካርቦን ያከማቻል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2007 ዓ.ም. ባወጡት «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክት፣ በቁጥር 39፣ የማንግሮቭን መጥፋት በስም ጠቅሰው ያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛፉ ለማገዶና ለቤት ማገር ይቆረጣል፤ ግመልም ቅጠሉን ይግጠዋል። ሥሩ ሲጠፋ ይዞት የነበረውን ደለል ማዕበሉ ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬ ቢወድቅም የሚተከልበት ጭቃ የለም።

በቀይ ባሕር ዳርቻ ይህ ደን አልፎ አልፎ ብቻ የሚታየው ለምንድን ነው? ጎርደን ሳቶ የተባሉ ጃፓናዊ ዝርያ ያላቸው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ፣ ማንግሮቭ በብዛት የሚገኘው በዝናብ ጊዜ ከየብስ ጎርፍ በሚወርድበት ሥፍራ መሆኑን በኤርትራ አስተዋሉ። ዛፉ የሚፈልገው የጎርፉን ውኃ ሳይሆን ጎርፉ የሚያመጣውን ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ብረት ነው ብለውም ደመደሙ። የእኛ ጎርፍ ግን ወደዚያ አይደርስም። ሀብሩን በደቡብ የሚያዋስነው ሚሌ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም በጅቡቲ ድንበር ካለው ከአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከተራሮቻችን ተነሥቶ እስከ ባሕሩ የሚዘልቀው ውኃው ሳይሆን ሰዉ ነው።

ሳቶ ያሰቡትን በምፅዋ አቅራቢያ ባለችው በሕርጊጎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መሞከር ጀመሩ። በባዶው ዳርቻ ችግኝ ተከሉ፤ በእያንዳንዱም አጠገብ ቁራጭ ብረትና ጥቂት ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ከረጢት ቀበሩ። ማዳበሪያ በባሕር ላይ ቢበተን ጉዳት ስለሚያመጣ፣ ከረጢቱ ጥቂት በጥቂት እንዲያወጣው መደረጉ ማስተዋል ነው። በከረጢቱ ውስጥ የነበረው የሀብሩ ገበሬ በየክረምቱ የሚሰለፍለት ዳፕና ዩሪያ ነበር። ችግኞቹ ለመለሙ፤ የመንደሩም ፍየሎችና በጎች ከቅጠሉ ተቀለቡ።