ጫጩትን ከነባር ዶሮዎች ጋራ ስለ ማላመድ

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናትና፥ በክረምት ዝናቡና ጉሙ አልገለጥ ሲል፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የሌሊቱ ቁር ሲበረታ፥ ጫጩት ያለው ሰው ሁሉ የመጀመሪያ አሳቡ ብርዱ ነው፤ ስለዚህም ብዙዎች «ከትልልቆቹ መካከል ገብታ ትሙቅ» በማለት ጫጩቲቱን ያለ ጊዜዋ ከነባሮቹ ቤት ያስገቧታል። ነገር ግን ክንፏን ለጫጩት የምትዘረጋ ያቀፈችና የፈለፈለች እናት ብቻ ናት እንጂ፥ ሌላይቱ ዶሮ ሙቀቷን ለባዕድ አታካፍልም፤ በምንቃሯ ታባርራታለች።

ይህም የፍጥረታቸው ሥርዓት ነው። ማን ማንን እንደሚነቁር፥ ማን ቀድሞ ከጥሬው እንደሚቀርብ፥ ማን ከቆጡ ላይኛ እርከን እንደሚያድር በዶሮዎች ማኅበር ውስጥ የታወቀ ተዋረድ አለ፤ ኖርዌያዊው ሊቅ ቶርላይፍ ሽየልደሩፕ ኤበ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ሲመለከት ኖሮ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ይህን ተዋረድ ጽፎ ለዓለም አስታወቀ። አዲስ በገባች ቁጥር ተዋረዱ ስለሚናወጥ፥ ጫጩትም ስፍራዋን ለማስከበር ዐቅም ስለሌላት፥ የሁሉ ምንቃር በእርሷ ላይ ይወርዳል።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ገና ሁለት ሦስት ቀን የሆናቸው ጫጩቶች ያሏት እናት ካለች፥ አዲሲቱም እኩያቸው ከሆነች፥ በሌሊት ከክንፏ ሥር አግብቶ ሲነጋ መመልከት ነው። እናት ከሌለች ግን ሰው እናት ይሆናል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት፥ ከዚያም ላባዋ እስኪሞላ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ እየቀነሱ። እንጅባራ ባለችበት በአዊ ምድር ከዲከረንስ ዛፍ የሚከሰለው ከሰል በየቤቱ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ለጫጩት የከሰል ምድጃ ያቀጣጥላል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን የከሰሉ መርዝ ሳይሸት ጫጩቲቱንም ባለቤቷንም ይገድላልና፥ እባክዎ በምድጃ አያሳድሯት። እኔ መብራት ሲጠፋ ሞቅ ያለ ውሃ በጀሪካን ሞልቼ በጋቢ ቁራጭ ጠቅልዬ ከአጠገቧ አኖራለሁ። ብቻዋንም አትደግ፤ እኩያ ይፈለግላት፤ ሁለት ሆነው የገቡ እንደሆነ ንቁሪያው ይከፈላልና። ከገበያ የመጣች ከሆነች ሁለት ሦስት ሳምንት በሌላ ክፍል ትቆይ፥ የፈንግል ክትባቷንም ትውሰድ።

ላባዋ ሞልቶ ጀሪካንም ሌላ ማሞቂያም ሳትሻ ስታድር፥ ከነባሮቹ ቤት አንዱን ጥግ በአጥር መክፈል ይገባል። ሽቦ የሚያጥሩ አሉ፤ እኔ ግን የአገራችንን ቀርከሃ እመርጣለሁ፥ የተፈለጠው ቀርከሃ በአንድ ጣት ክፍተት ሲተከል ዐይን ያሳልፋል፥ የዶሮ ራስ ግን አያሳልፍምና።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ስፍራ ደረስን። በመጀመሪያው ቀን ነባሮቹ ወደ አጥሩ ይሮጣሉ፥ የአንገታቸውን ላባ ያቆማሉ፥ ቀርከሃውን ይነቁራሉ፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ግን ዝም ይላሉ፤ ባለቤቱም ዝምታውን ሰላም መስሎት አጥሩን ያነሣል። አይክፈቱ! ያ ዝምታ የመሰልቸት እንጂ የመላመድ አይደለም፤ ጫጩቲቱ ከአጥር ወዲህ ብቅ ባለች ጊዜ እንደ ገና ባዕድ ትሆንባቸዋለች። ሁለት ሱባኤ ሙሉ ይተያዩ፥ ጥሬውም ከአጥሩ በወዲህና በወዲያ ተቀራርቦ ይበተን። ነባሮቹ ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው ሲጭሩ፥ ጫጩቲቱም ከቀርከሃው ተጠግታ ዐይኗን ጨፍና ስታርፍ ያዩ እንደሆነ፥ ይህ እውነተኛው ምልክት ነው። በመጠንም አይቸኩሉ፤ ወደ ሦስት ወር ደርሳ ከነባሮቹ ብዙ የማታንስ ቄብ እስክትሆን መታገሥ ከሁሉ ይሻላል።

ሲከፍቱም ቀኑን ሙሉ ከቤት የሚውሉበት ቀን ይሁን። ከአጥሩ ግርጌ እርሷ የምታልፍበት፥ ትልልቆቹ የማያልፉበት ቀዳዳ ይተዉላት፤ መመገቢያውንም በሁለትና በሦስት ስፍራ ያኑሩ። አንድ ጊዜ ነቁራ የምትተው ዶሮ ሥርዓት ማስተማሯ ነውና ይተዉአት። ነገር ግን ከጥግ አስገብታ አናቷን ደጋግማ የምትነቁር ከሆነች፥ ጫጩቲቱን ሳይሆን ነቋሪቱን ለጥቂት ቀን ከቤቱ ያውጡ፤ ስትመለስ እርሷ ራሷ እንግዳ ሆና ስለምትገባ ጉልበቷ ይበርዳል።

ደም ያዩ እንደሆነ ግን አንዲት ደቂቃ አይዘግዩ። ዶሮ ቀይ ነገር ስታይ ትነቁራለችና፥ አንዲቱ የጀመረችውን ሁሉም ተከትለው ጫጩቲቱን እስከ ሞት ያደርሷታል። ቁስሉን አጥበው፥ ቅርፊቱ ደርቆ እስኪወድቅ ከአጥሩ ወዲያ ያኑሯት፤ ከነባሮቹ ዐይን ግን ፈጽሞ አያርቋት፥ ከራቀች መተያየቱ ከመጀመሪያ ይጀመራልና።

ስለ መኖዋ አንድ ነገር ልጨምር። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ካልሲየሙ ከመቶ 4 ያህል ስለሚደርስ፥ ለጫጩት ግን ከመቶ 1 ገደማ ስለሚበቃት፥ ትርፉ ኩላሊቷን ይጎዳል። ስለዚህ አብረው በሚውሉበት ወራት ለሁሉም የታዳጊ ዶሮ መኖ ይስጡ፤ ለጣዮቹ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በሌላ ዕቃ፥ ጫጩቲቱ በማትደርስበት ከፍታ ያኑሩላቸው። ጉዝጓዙም ዘወትር ይድረቅ፤ ትልልቆቹ ሳይታመሙ በኩሳቸው የሚያወጡት ኮክሲዲያ የተባለ ጥገኛ ተውሳክ በርጥበት ይበረታል፥ ጫጩትንም ደም ያስቀምጣታል።

በመጨረሻው ስለ ማደሪያዋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ወደ ቆጥ መውጣትን ፈርታ ከመሬት ልታድር ትችላለችና፥ በሠርክ ነባሮቹ ከሰፈሩ በኋላ በእጅዎ አንሥተው ከዳር ያስቀምጧት፤ በጨለማ ዶሮ አትጣላም። በነግህ ቀድመው ተነሥተው አናቷን ይዳስሱ፤ ቁስል ከሌለ፥ ወደ መመገቢያውም ሳትባረር ከቀረበች፥ በዚያው ይቀጥሉ፤ በራሷ ፈቃድ ወደ ቆጡ መውጣት እስክትጀምር ድረስ አጥሩን አይንቀሉት።